ትርጉም የሌላቸው ቃላት

መምህር ሙሉሰው የሞተው በኅዳር ቁስቋም ዋዜማ፣ ሰፈሩ በሙሉ ማኅሌት ላይ በነበረበት ሌሊት ነው። ጠዋት ቤት አከራዩ እማማ አየለች ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ጠበል ሊሰጡት በሩን ሲከፍቱ፣ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ዓይኑ ተከድኖ፣ ሁለት እጁ ደረቱ ላይ ተጣምሮ አገኙት። ከአልጋው ግርጌ የከሰል ማንደጃ ነበር፤ አመዱ እስከ አፉ ሞልቷል። መስኮቱም በሩም ዝግ ነበሩ።

ምክትል ኢንስፔክተር አምሳል ግቢው ስትደርስ ነገሩ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ሐኪሙ አይቶ «የከሰል ጭስ ነው» ብሎ ሄዷል። ሳጅን ገብረ ሚካኤል ከሰሉን አምጥታለች የተባለችውን ተማሪ በካቴና አስሮ የፖሊስ መኪና ውስጥ አስቀምጧታል። የሟች ዘመዶች ከድብ ባሕር ተነሥተው መንገድ ላይ ናቸው፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቀብሩ በኋላ የሚቀረው ወረቀት መሙላት ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውም «በቸልተኝነት ሰው መግደል» የሚል ነው።

መኪናው አጠገብ አንዲት ሴት ቆማ በመስታወቱ በኩል ልጅቷን ታያለች። ዓይናዲስ ትባላለች፤ የልጅቷ እናት ናት። አምሳልን ስታይ አላለቀሰችም።

«አለቃው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ልጄ ፀደይ ትባላለች። ነገ የእንግሊዝኛ ቃል ውድድር አለባት። ካሸነፈች አዲስ አበባ በነጻ ትማራለች። ይህ ሰውዬ ጠዋት መጥቶ እንደ ሌባ ጎትቶ ወሰዳት። ከሰሉን ያመጣነው እኔና እሷ ነን። እኔን ለምን አላሰረኝም?»

«አብረሻት ነበርሽ?»

«ሲመሽ ልጄን ብቻዋን አልልክም። ውሻ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ስንት ጉድ አለ። መምህሩ ብርድ ብርድ ብሎት መድኃኒት ወስዶ ተኝቷል ሲባል እኔ ራሴ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ አንድ እፍኝ የማይሞላ ፍም ነው የሰጠሁት። መስኮቱን ከፈትኩ። በሩ ተመልሶ እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደገፍኩት። እኔ የከሰል ነገር ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናትና ልጅ አብረው ሲሞቱ አይቻለሁ።»

«ይህንን ለሳጅኑ ነግረሽዋል?»

«‹እናት ለልጇ ትመሰክራለች› ብሎ ሳቀብኝ።»

አምሳል ወደ ሳጅኑ ዞረች። «ልጅቷን ምን ጠየቅሃት?»

«ከሰሉን ያመጣሽው አንቺ ነሽ ወይ አልኳት። አዎ አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

አምሳል ትታው ወደ ሟቹ ክፍል ገባች።

የመምህሩ ክፍል ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ ስልክ የተቀመጠበት አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፉበት ካርቶን። አምሳል ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። ትራሱ ላይ የደረቀ ትውከት አለ፤ ፊቱ ግን ንጹሕ ነው። ቀኝ እጁን ልታነሣ ስትሞክር ትከሻው አብሮ ተነሣ። ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቋል።

«እማማ አየለች፣ እጁን ያጣመሩለት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? ስነካው እንዲሁ ደርቋል። ጣቱን እንኳ መዘርጋት አልቻልኩም። እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ጻድቅ ስለሆነ መልአክ አጣመረለት ነው ያልኩት።»

«መልአኩ አፉንም ጠርጎለታል። በሩ ላይ የተደገፈ ድንጋይ ነበር?»

አሮጊቷ አሰቡ። «ድንጋይስ አለ። ግን ያ እዚያ ግድግዳው ሥር ያለው ነው። በሩ ገጥሞ ነበር።»

ድንጋዩ ከበሩ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። የአንድ ሰው እጅ ካላነሣው በስተቀር ተንከባሎ እዚያ ሊደርስ አይችልም።

«ትናንት ማታ ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«ማንም። ሁላችንም ማኅሌት ነበርን። መሪጌታም እዚያ ናቸው፤ ጸናጽላቸውን ሲያንሿሹ እስከ ንጋት ከፊቴ አልጠፉም።»

መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ በዚያው ግቢ ከሟቹ ጎን ያለውን ክፍል የተከራዩ ናቸው። ሲጠሩ ተቆጥተው መጡ።

«እኔንም ልትጠረጥሪ ነው? ጠርጥሪ። ከሙሉሰው ጋር ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ተማሪዎቼን ከዜማ አውጥቶ ቴሌግራም ላይ አስቀመጣቸው። በሦስት ፊደል ሲጨቃጨቁ ያድራሉ።»

«ታዲያ ይጠሉት ነበር?»

«እኔ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ማታ ማታ የአማርኛውን ትርጉም የምነግረው እኔ ነበርኩ። ‹መሪጌታ፣ ይህንን በአንድ ቃል ምን ልበለው?› ይለኛል። ትርጉም የሌለውን ቃል አይቆጥርም። ‹የማታውቀውን ቃል ማግኘት ማግኘት አይደለም› ይላቸዋል። ይህንን ከኛ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነው የተማረው ብዬ እኮራበት ነበር።»

«በቅርቡ ከሌላ ሰው ጋር ተጣልቶ ያውቃል?»

መሪጌታ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ከዚያም በቁጣ ተናገሩ። «ከምስጋናው ጋር። የሚያስተምርበት የማስጠኛ ቤት ባለቤት፣ ቀጣሪው ነው። ከትናንት ወዲያ እዚሁ መጥቶ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው። ሙሉሰው ‹ለኮሚቴው እናገራለሁ፣ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ› ይለዋል። ያኛው ‹ያበላህን እጅ ትነክሳለህ?› ይለዋል። ስለ ምን እንደሆነ አልሰማሁም።»

አምሳል ወደ መኪናው ተመለሰች፤ ከኋላ ገብታም ከፀደይ ጎን ተቀመጠች። የልጅቷ ዓይን ደርቋል፤ ከንፈሯን ግን እስኪደማ ነክሳዋለች።

«ካቴናውን ፍታላት» አለች አምሳል።

«ትእዛዙ...» አለ ሳጅኑ።

«ትእዛዙን አሁን ሰማህ።»

ሳጅኑ ቁልፉን ጣቢያ ረስቶት መጥቷል። እናትየው ከውጭ ሆና ይህን ስትሰማ በመዳፏ የመኪናውን ጣራ መታችው።

«ስልኩ ላይ አየሁ፤ መምህርሽ ትናንት ማታ በእራት ሰዓት ለቴሌግራም ቡድናችሁ መልስ ልኳል» አለች አምሳል።

«እሱ አይደለም የላከው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም እንጂ ከጠዋት ጀምሮ ልናገር ነበር።» ፀደይ ፊቷን ወደ አምሳል አዞረች። «መምህር ለውድድሩ ሲያለማምደን ቀን ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ይሰጠናል። እኛ ሦስቱንም የያዙ ቃላት እንፈልጋለን። ማታ እንልካለን። መጨረሻ ላይ እሱ የራሱን ይልካል። ከትናንት ወዲያ ኤል፣ ኦ እና ዲ ነበሩ። የላከውን ልንገርዎት፦ ኦልድ፣ አሮጌ። ኮልድ፣ ብርድ። ጎልድ፣ ወርቅ። ክላውድ፣ ደመና። ሁልጊዜ ከአጭሩና ከሚያውቁት ይጀምራል። ‹መጀመሪያ ዙሪያችሁን እዩ፤ ቃሉ እዚያ አለ› ይለናል።»

«ትናንትስ?»

«ኤ፣ አር እና ቲ ነበሩ። ከአጠገቡ ዋተር አለ፣ ማርኬት አለ፣ ቲቸር አለ። መምህር የሆነውን ራሱን እንኳ አልጻፈም። የመጣው አባትዋር፣ አብሪቪዬት፣ አብዳክተር፣ አበራንት የሚል ነው። ሁሉም በኤ እና በቢ የሚጀምሩ። አንድም ትርጉም የለም። እኛ ታሟል ብለን ዝም አልን። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ደስ አላለኝም።»

«ስልኩን ማን ይነካል?»

«ሁላችንም። ቁልፍ የለውም። መስታወቱ ተሰንጥቆ በቀይ ላስቲክ የታሰረ ነው።»

አምሳል የራሷን ስልክ አወጣች። ሦስት ፊደል ሲያስገቡለት ቃላት የሚዘረዝር ድረ ገጽ እንዳለ ታውቃለች፤ ልጇ የቤት ሥራውን የሚሠራበት ነው። ኤ፣ አር፣ ቲ ብላ አስገባች። ገጹ ቃላቱን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ በተርታ አወረደላት። ቡድኑ ውስጥ የተላኩት አራቱም እዚያው ነበሩ፤ ቅደም ተከተላቸውም አልተለወጠም።

ምስጋናው የለቅሶውን ድንኳን እያስተከለ ነበር። ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ወንበር አምጡ፣ ውኃ አምጡ እያለ ያዛል። ከጎኑ የማክሰኝቱ የእህል ነጋዴ አያ አድማሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የማስጠኛ ቤቱን አዲስ ሕንፃ እሠራልሃለሁ ብለው ቃል የገቡለት ሰው ናቸው። ከኋላቸው የቆመው ልጃቸውም ነገ ከፀደይ ጋር ይወዳደራል።

«ኢንስፔክተር፣ በፈጣሪ፣ ሬሳውን አታቆዩብን» አለ ምስጋናው። «ልጅቷም ልጅ ናት፤ ሳታውቅ ነው ያደረገችው። እኔ በግሌ ይቅር ብያታለሁ።»

«ደግ ነህ። ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ከአያ አድማሴ ጋር እራት ላይ። ይጠይቋቸው።»

«ነበርን» አሉ አያ አድማሴ። «ጥሬ ሥጋ አማረኝ ስለው ጾም ነው አለኝ፤ ጎመን አበላኝ። ከማክሰኝት ድረስ ለጎመን መጣሁ።»

«እዚያ ሆነን ነው የመምህሩ መልእክት የመጣው» አለ ምስጋናው። «‹ታሞ እንኳ አያርፍም› ብዬ አሳየኋቸው።»

«አንተም ትጫወታለህ?»

«እኔ አስተዳዳሪ ነኝ። ቡድኑ ውስጥ ስሜ አለ እንጂ ክፍል ገብቼ አላውቅም።»

«ቃላቱ እንዴት ነበሩ?»

«ሸጋ ናቸው። ረጃጅም፣ ከባድ ከባድ ቃላት። ከሱ የሚጠበቅ ነው።»

«የጎደለ ነገር አላየህም?»

«ምን ሊጎድል ይችላል?»

አምሳል ራሷን ነቀነቀች። «አንድ ነገር ብቻ። በልጅነትህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረሃል?»

«ዲቁና ድረስ። ከዚያ አስኳላ ገባሁ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው።»

የሬሳ ሳጥኑ ድንኳኑ መካከል ሲቀመጥ ዘመዶቹ ከድብ ባሕር ደረሱ። ለቅሶው ትንሽ ጋብ እንዳለ አምሳል ከሳጥኑ አጠገብ ቆመች። እማማ አየለችን፣ መሪጌታን፣ ምስጋናውንና አያ አድማሴን ከፊት አስቀመጠቻቸው። ፀደይን ከመኪናው አስወርዳ እንደታሰረች ከእናቷ ጎን አደረገቻት።

«ይህ ሰው ከመቀበሩ በፊት የምናገረው አለ» አለች። «ጠዋት ሁላችሁም በከሰል ሞተ አላችሁ። እውነት ነው። ግን ከሰሉ የዚህች ልጅ አይደለም። እናቷ የሰጠችው አንድ እፍኝ ፍም ነው፤ እኔ ያገኘሁት እስከ አፉ የሞላ አመድ። ሌላ ሰው ጥቁር ከሰል ጨምሮበታል። መስኮቱን ዘግቷል። በሩን የደገፈውን ድንጋይ አንሥቶ ግድግዳው ሥር አኑሯል።»

«ስለ ድንጋዩ የተናገረችው እናቷ ናት» አለ ሳጅኑ።

«አዎ፣ እናቷ። ካንተ በፊት ያሰበችው እሷ ስለሆነች ነው።»

ከዘመዶቹ አንዱ አጉረመረመ። አምሳል ቀጠለች።

«ሁለተኛው ነገር እጁ ነው። በከሰል የሚሞት ሰው ያስመልሰዋል፣ ይንፈራገጣል፣ እጁ ይወድቃል። ሙሉሰው ግን እንደተገነዘ ሰው ነው የተገኘው። ዓይኑ ተከድኗል፣ አፉ ተጠርጓል፣ እጁ ተጣምሯል። እማማ አየለች ጠዋት ሲያገኙት ደርቋል። የደረቀ እጅ አይጣመርም። ስለዚህ አንድ ሰው ሌሊት፣ ሰውነቱ ሳይደርቅ፣ ገብቶ ነበር። እዚህ አገር ሞቶ ያገኘነውን ሰው እጁን እናጣምራለን፤ ግን ጮኸን ጎረቤት እንጠራለን። አጣምሮ፣ በሩን ዘግቶ፣ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ነው?»

መሪጌታ «ገዳይ ነው» አሉ።

«ያም ሰው ሥርዓቱን የሚያውቅ ነው። እዚህ ከተቀመጡት ይህ እጁ የለመደው ብዙ ሰው አለ። መሪጌታ አሉ፣ እማማ አየለች አሉ። ሁለቱም ግን ሌሊቱን በሙሉ በምእመናን ፊት ነበሩ። አሁን ወደ ቃላቱ ልምጣ። በእራት ሰዓት ከሟቹ ስልክ መልስ ተልኳል። ያየው ሁሉ ‹እስከዚያ ደኅና ነበር› ይላል። የላከው ግን እሱ አይደለም። እሱ ከአጭርና ከሚታወቅ ቃል ይጀምራል፤ የተላኩት ድረ ገጽ በፊደል ተራ የዘረገፋቸው ናቸው። እኔም አስገብቼ አይቻቸዋለሁ። እሱ ትርጉም የሌለውን ቃል አይቆጥርም፤ ከተላኩት አንዱም ትርጉም የለውም። ይህንን ደንብ ተማሪዎቹ ያውቃሉ፤ ፀደይ ታውቃለች፤ ትርጉሙን የሚነግሩት መሪጌታም ያውቃሉ። የማያውቀው ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ስጠይቀው ‹ምን ሊጎድል ይችላል?› አለኝ።»

ሁሉም ወደ ምስጋናው ዞሩ።

«ይህ ማስረጃ ነው?» አለ ምስጋናው። «ቃል ስለማላውቅ ገዳይ ነኝ? መልእክቱ ሲመጣ እኮ ከአያ አድማሴ ጋር ነበርኩ።»

«ለዚህም ነው ያሳየሃቸው። አያ አድማሴ፣ ትናንት እራት ላይ ምስጋናው ስንት ስልክ ይዞ ነበር?»

አያ አድማሴ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ሁለት። በአንዱ እያየ በሌላው ይጽፋል። ‹ጎመኑ ቀዘቀዘ፣ ምነው አትበላም› አልኩት። ‹የቢሮ ሥራ ነው› አለኝ።»

«ሁለተኛው ምን ይመስል ነበር?»

«አሮጌ ነው። በቀይ ላስቲክ የታሰረ። ይህን የሚያህል ቤት ያለው ሰው እንዲህ ያለ ስልክ ይይዛል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።»

አምሳል ከኪሷ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ አውጥታ አሳየቻቸው። ጠዋት ከሙሉሰው ጠረጴዛ ላይ ያነሣችው ነው።

«እሱ ነው» አሉ አያ አድማሴ። ከዚያ ቀስ ብለው ከምስጋናው አጠገብ ተነሥተው ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እኔን ለዚህ ነው ጎመን ያበላኸኝ?»

«ምክንያቱን እርስዎም ይስሙት» አለች አምሳል። «ምስጋናው የውድድሩ ኮሚቴ አባል ነው። የነገዎቹን ፊደላት ለልጅዎ አስቀድሞ ነግሮታል። ቅድም ድንኳኑ ሲተከል ልጅዎን ለብቻው አነጋግሬዋለሁ፤ እያለቀሰ ነግሮኛል። ልጁ ክፍል ውስጥ ማንም ያልጠየቀውን ቃል ሲደረድር ሙሉሰው ሰማው፤ ነቃም። ከትናንት ወዲያ ‹በሕዝብ ፊት እናገራለሁ› ያለው ይህንን ነው። ትናንት ደግሞ ታሞ ተኛ፤ ግቢው በሙሉ ማኅሌት ሄደ። ምስጋናው ወደ እራቱ ሲሄድ እዚህ ጎራ አለ። መምህሩ መድኃኒት ወስዶ እንቅልፍ ላይ ነው። ከሰሉን ሞላ፣ ዘጋ፣ ስልኩን ይዞ ወጣ። ከእራት በኋላ ስልኩን ሊመልስ መጣ። ሞቶ አገኘው። እዚያ ላይ ዲቁና ያስለመደው የልጅነት እጁ ቀደመው።»

ሰው ሁሉ ይክዳል ብሎ ሲጠብቅ ምስጋናው ወደ ሳጥኑ እያየ በንዴት ተናገረ።

«እጁ ከአልጋው ወርዶ ተንጠልጥሎ ነበር። አፉ ክፍት ነው። እንደ ውሻ ልተወው?»

መጀመሪያ የመለሰችለት ዓይናዲስ ናት። አልጮኸችም፤ ግን ድንኳኑ ውስጥ ያልሰማት የለም።

«እንዲያ ሆኖ እንዳይገኝ ካዘንክለት፣ ሲተነፍስ እያየኸው በሩን ስትዘጋ ምነው አላዘንክለትም? ለልጄስ? ይቅር ብያታለሁ ስትል ሰምቼሃለሁ። ምኗን ነው ይቅር ያልካት?»

ሁለት ፖሊሶች ምስጋናውን በክንዱ ይዘው አወጡት። የሟቹ ታናሽ ወንድም ሊከተለው ሲነሣ መሪጌታ በደረታቸው አገዱት። «ተው ልጄ። ወንድምህን እንቅበር» አሉት።

የካቴናው ቁልፍ ከጣቢያ መጣ። ሳጅን ገብረ ሚካኤል የፀደይን እጅ ሲፈታ ብረቱ አንጓዋ ላይ ቀይ መስመር ጥሎ ነበር። ዓይናዲስ የልጇን እጅ ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ይቅርታ እናቴ» አለ ሳጅኑ።

«እናትህ አይደለሁም። ስታስራት አንድ ጥያቄ ብትጠይቃት እስከ አሁን ገዳዩን ይዘኸው ነበር። ሁሉንም ታውቃለች። አፏን አስያዝካት።»

ሳጅኑ ወደ አለቃው አየ። አምሳል አላገዘችውም።

«ለምስክርነት ቃሏን መስጠት አለባት» አለ በመጨረሻ። «ነገ ጠዋት ጣቢያ ትምጣ።»

«ነገ ውድድሯ ነው። ኢንስፔክተሯ ፊደላቱ ይለወጣሉ ብላኛለች፤ ልጄም ትቀመጣለች።» ዓይናዲስ ነጠላዋን አስተካከለች። «የምትፈልጋት ከሆነ አንተ ወደ አዳራሹ ና። ከኋላ ተቀመጥ። ሰው ሲጠይቃት እንዴት እንደምትመልስ ስማ።»

ሳጥኑ ተነሣ። እናትና ልጅ ከሬሳው ኋላ ተሰለፉና ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን ወጡ።